ሞሐመድ አሚን፤ የሰባ ሰባቱን የወሎ ረኀብ ለዓለም ያሳየው የካሜራ ሰው

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልዲያ የሚዘልቀውን ዋና መንገድ የያዘ መንገደኛ ሐይቅን ሲያልፍ በስተምሥራቅ በኩል ያለው አገር ወረባቦ ይባላል። ዋና ከተማው ቢስቲማ ናት። ከቢስቲማ ወዲያ ምድሩ እየቆላ ይወርድና ከአፋር ሜዳ ይገናኛል። ይህ የወሎ ምሥራቃዊ ጠረፍ ዝናም ሲዛነፍ ቀድሞ የሚጎዳ አገር ነው። በ1966 ዓ.ም. አካባቢም ሆነ በ1977 ዓ.ም. ረኀቡ ክንዱን ካበረታባቸው ሥፍራዎች መካከል እንዲህ ያሉት ከደጋው ወደ ቆላው የሚያቆለቁሉ ወረዳዎች ይገኙባቸዋል። ይሁን እንጂ ዓለም የወሎን ረኀብ ሲያስታውስ የሚጠራው የቢስቲማን ስም አይደለም፤ የቆረምን ስም ነው። ቆረም ከደሴ በስተሰሜን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ከአላማጣ በላይ በግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ ዳገት አናት ላይ የተቀመጠች፣ በዚያን ዘመን በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የምትተዳደር ከተማ ነበረች።

የሁለቱ ከተሞች ዕድል እንዲህ ሊለያይ የቻለው የአንዱ አገር መከራ ከሌላው ስለ በለጠ አይደለም። ቆረም በአዲስ አበባና በአሥመራ አውራ ጎዳና ላይ ስለ ነበረች፣ ረኀብተኛው ሁሉ ወደዚያ ስለ ተሰበሰበና በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. አንድ የካሜራ ባለሞያ እዚያ ስለ ደረሰ ነው። ያ ሰው ሞሐመድ አሚን ይባላል። የሕይወቱ ታሪክ ለኢትዮጵያውያን ባለሞያዎች፣ በተለይም መንገድና ድልድይ፣ ስልክና ሬዲዮ፣ መኪናና አውሮፕላን ለሚመለከታቸው ሰዎች፣ ሊዘነጋ የማይገባው ትምህርት ያዘለ ነው።

ልጅነትና የመጀመሪያዪቱ ካሜራ

ሞሐመድ አሚን የተወለደው ነሐሴ 23 ቀን 1935 ዓ.ም. በናይሮቢ ከተማ ነው። ቤተሰቡ ከፑንጃብ የመጣ እስላም ሲሆን አባቱ በምሥራቅ አፍሪካ ምድር ባቡር ሥራ የሚተዳደር፣ ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ሰው ነበር። በዘመኑ በቅኝ ግዛቱ የዘር አስተዳደር እስያዊው ከነጩ በታች፣ ከአፍሪካዊው በላይ ተመድቦ በመካከል የሚኖር ወገን ነበር። ይህም ለልጁ ሁለት ነገሮች አስተማረው። አንደኛው ማንም ሰው በር ከፍቶ እንደማይጠብቀው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከየትኛውም ወገን ጋር ተነጋግሮ መግባባት እንደሚቻል ነው።

ልጁ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ዳሬሰላም ተዛወረ። እዚያም ገና በአሥራ አንድ ዓመቱ ያገለገለች፣ ሳጥን የመሰለች ቀላል የፎቶግራፍ ማንሻ ገዛ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ካሜራ ከእጁ አልተለየችም። የትምህርት ቤት ጓደኞቹን፣ የስፖርት ውድድሮችን፣ በተለይም በምሥራቅ አፍሪካ በየዓመቱ የሚካሄደውን የመኪና እሽቅድምድም እያነሣ ለጋዜጦች መሸጥ ያዘ። ፎቶግራፍ ማንሣት ብቻ ሳይሆን ያነሡትን በጊዜው ለሚፈልገው ክፍል ማድረስም ሞያ መሆኑን የተረዳው ያን ጊዜ ነው። ከሌላው በአንድ ሰዓት ቀድሞ የደረሰ ፎቶግራፍ ይሸጣል፤ በአንድ ሰዓት የዘገየ ግን የቱንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም። ይህን ሕግ እስከ ዕለተ ሞቱ አልረሳውም።

እ.ኤ.አ. በ1963፣ ገና ሃያ ዓመት ሲሞላው፣ ካሜራፒክስ የተባለውን የራሱን ድርጅት በዳሬሰላም አቋቋመ። ድርጅት ቢባልም በመጀመሪያው ላይ ሥራ አስኪያጁም፣ ፎቶ አንሺውም፣ ፊልም አጣቢውም፣ ተላላኪውም እርሱ ራሱ ነበር።

ከዛንዚባር እስከ ናይሮቢ

በጥር ወር 1956 ዓ.ም. በዛንዚባር ደሴት አብዮት ሲፈነዳ ወጣቱ ሞሐመድ ወደ ሥፍራው ከደረሱት ጥቂት የካሜራ ሰዎች አንዱ ሆነ። ከፎቶግራፍ ወደ ተንቀሳቃሽ ፊልም የተሸጋገረውም በዚህ ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ የቴሌቪዥን ዜና የሚቀረጸው በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ነበር። ፊልሙ ሳይታጠብ በአውሮፕላን ወደ ለንደን ይላካል፤ እዚያ ታጥቦ፣ ተቆራርጦና ተቀጣጥሎ ለተመልካች ይቀርባል። ስለዚህ አንሺው ያነሣውን ነገር ሳያይ ይልካል፤ ብርሃኑን፣ ርቀቱን፣ የፊልሙን ፍጥነት በልምድና በስሌት ብቻ አስተካክሎ መሥራት ነበረበት። ስሕተት ከተፈጠረ የሚታወቀው በሺሕ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያችው ደሴት የውጭ አገር መኰንኖች ለወታደሮች የሚሰጡትን ሥልጠና በፊልም በማንሣቱ ተያዘ፤ ለአንድ ወር ገደማ በእስር ቤት ተሠቃይቶ ከአገር ተባረረ። ከዚህም የተነሣ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ናይሮቢ ተመልሶ ካሜራፒክስን እንደገና ተከለ። እስራቱ ግን ከሥራው አላስወጣውም። ሰኔ 28 ቀን 1961 ዓ.ም. ቶም እምቦያ የተባለው ታዋቂ የኬንያ ሚኒስትር በናይሮቢ ጎዳና ላይ በጥይት በተመታ ጊዜ ሞሐመድ በደቂቃዎች ውስጥ ከሥፍራው ደርሶ ቀረጸ። በዚህም ሥራው በብሪታንያ የዓመቱ ምርጥ የቴሌቪዥን ካሜራ ባለሞያ ተብሎ ተሸለመ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሞሐመድ አሚን ቪዝኒውስ ለተባለው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በለንደን ለነበረ የቴሌቪዥን ዜና ድርጅት የአፍሪካ ኀላፊ ሆኖ ሠራ። ይህ ድርጅት ከየአገሩ የተሰበሰበ ፊልም በመላው ዓለም ላሉ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚያከፋፍል ስለ ነበረ አንድ ሰው በአንድ ሥፍራ ያነሣውን በመቶ የሚቆጠሩ ጣቢያዎች ሊያሳዩት ይችሉ ነበር። ከዩጋንዳ ሸሽቶ በሳዑዲ ዓረቢያ የተሸሸገውን ኢዲ አሚንን እ.ኤ.አ. በ1980 ከአንድ የቢቢሲ ጋዜጠኛ ጋር ፈልጎ አግኝቶ ለቃለ መጠይቅ ያቀረበው እርሱ ነው። ከዜናው ሥራ ጎን ለጎንም የመካን ሐጅ፣ የቱርካና ሐይቅን አካባቢና የምሥራቅ አፍሪካን ሕዝቦች የሚያሳዩ ዘጋቢ ፊልሞችንና የፎቶግራፍ መጻሕፍትን አዘጋጅቷል። ከኢትዮጵያም ጋር የነበረው ግንኙነት የቆየ ነው። ድርጅቱ ካሜራፒክስ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለመንገደኞቹ የሚያድለውን ሰላምታ የተባለ መጽሔት ያዘጋጅ ስለ ነበረ፣ የአዲስ አበባን ቢሮዎችና ባለሥልጣኖች ከብዙ የውጭ ጋዜጠኞች ይልቅ ያውቃቸው ነበር።

በፊልም የታየው የመጀመሪያው ረኀብ

የሞሐመድ አሚንን ሥራ ክብደት ለመረዳት ከእርሱ በፊት ወሎ በቴሌቪዥን እንዴት እንደ ታየች ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ ከብቱንና የቤት ዕቃውን ሸጦ፣ መሬቱን አስይዞ፣ በመጨረሻም ልጆቹን ይዞ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ። በዚያ መንገድ የሚያልፉ ሰዎች ሁሉ ያዩት ነበር፤ ነገር ግን መንግሥት ነገሩን ሸሸገው። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያዘጋጀው ዘጋቢ ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በለንደን ሲታይ ነው ነገሩ የዓለም መነጋገሪያ የሆነው። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ደርግ ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣና ድግስ ጋር እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

እንግዲህ ኢትዮጵያ ውስጥ ሥልጣን ላይ የወጣ ሁሉ ከዚያች ሌሊት ወዲህ የረኀብ ምስል ምን ያህል ኀይል እንዳለው ያውቅ ነበር። ማወቁ ግን ነገሩን እንዲገልጥ ሳይሆን እንዲሸሽግ አደረገው። በ1976 ዓ.ም. በልጉም መኸሩም በሳተ ጊዜ የዕርዳታ ማስተባበሪያና መቋቋሚያ ኮሚሽን የሚያስፈልገውን እህል ቆጥሮ ለለጋሾች ጥሪ አቅርቦ ነበር። ነገር ግን ለጋሾቹ በአመዛኙ ጥሪውን ችላ አሉት፤ መንግሥትም በበኩሉ ዐሥረኛውን የአብዮት በዓልና የኢሠፓን ምሥረታ በታላቅ ድምቀት ለማክበር ሽር ጉድ ይል ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ባለቀለም ሥርጭት የጀመረውም ከዚሁ በዓል ጋር ተያይዞ ነው። አገሪቱ የራሷን ሕዝብ በቀለም ለማየት የምትችልበት መሣሪያ ተተከለ፤ በዚያ መሣሪያ ላይ የታየው ግን የሰልፉ ቀለም ነበር፤ በሰሜን በኩል የሚረግፈው ሕዝብ አልነበረም።

በሐምሌ ወር 1976 ዓ.ም. ቻርልስ ስቱዋርት የተባለ የዘጋቢ ፊልም አዘጋጅ በወሎ ያነሣው ፊልም በእንግሊዝ አገር ታይቶ ነበር። ያም ተመልካቹን አስደንግጦ ገንዘብ አሰባሰበ። ሆኖም የመንግሥታትን በር ለማንኳኳት የሚበቃ አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ወደ ሰሜን ለመሄድ የሚፈልግ የውጭ ጋዜጠኛ ሁሉ በአዲስ አበባ የይለፍ ወረቀት እየጠበቀ ይቀመጥ ነበር።

ቆረም

በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሞሐመድ አሚን ከቢቢሲው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ከማይክል በርክ ጋር አዲስ አበባ ገባ። የሬዲዮ ጋዜጠኛው ማይክ ውልድሪጅም አብሯቸው ነበር። በሰሜን ጦርነት ስለ ነበረ ወደ ትግራይና ወደ ወሎ ሰሜናዊ ክፍል መጓዝ የተከለከለ ነበር። እዚህ ላይ የሞሐመድ የብዙ ዓመት ልምድ ጠቀመ። ቁጣን በትዕግሥት፣ እምቢታን በድርድር እየመለሰ ፈቃዱን አስገኘ። ከአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት በተገኘች ትንሽ አውሮፕላን ወደ መቀሌና ወደ አላማጣ አካባቢ በረሩ።

በመቀሌ ክሌር በርቺንገር የተባለች የቀይ መስቀል ነርስ በየዕለቱ ከሺሕ ከሚበልጡ ሕፃናት መካከል ጥቂቶቹን ብቻ ለምግብ ስትመርጥ አገኟት። ማእከሉ ሊመግብ የሚችለው ቁጥር የተወሰነ ስለ ነበረ ያልተመረጠው ሕፃን ወደ እናቱ ጕያ ይመለሳል። የሞሐመድ ካሜራ ይህን ቀረጸ።

ከዚያ ቆረም ደረሱ። ቆረም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ደጋ ናት። ከየቆላው የወጣ ወደ 40 ሺሕ የሚጠጋ ሕዝብ ያለ መጠለያ ሜዳ ላይ ሰፍሮ ነበር። ከረኀቡ ጋር የሌሊቱ ውርጭ ይገድል ነበር፤ ሌሊቱን የሞቱት ንጋት ላይ በጋቢያቸውና በጆንያ ተጠቅልለው ተደርድረው ይታያሉ። ሞሐመድ ካሜራውን የከፈተው በዚያች የንጋት ሰዓት ነው። ጢሱ ከሜዳው ላይ ሲነሣ፣ ጭጋጉ ከሰው በላይ ሲንሳፈፍ፣ ፀሐይ ገና ሳትሞቅ አነሣው።

የተሠራው ሥራ በባለሞያ ዐይን ሲታይ ምንም የተንኰልም ሆነ የጌጥ ነገር የለበትም። ካሜራው አይሮጥም፤ አይንቀጠቀጥም። ከሩቅ ጀምሮ ሜዳውን በዝግታ ያሳያል፤ ከዚያ ወደ አንድ ፊት ይጠጋል፤ ይቆያል። ተመልካቹ ፊቱን የሚያዞርበት ፋታ አይሰጠውም። ለሃያ ዓመት ጦርነትና መፈንቅለ መንግሥት ሲያነሣ የኖረ፣ በልበ ደንዳናነቱ የሚታወቅ ሰው እንደ ነበረ ባልደረቦቹ ይመሰክራሉ። ቆረም ግን እንደ ሌላው ሥራ ትቶት የሚሄድ ነገር አልሆነለትም።

የምስሉ ጉዞ

ምስሉ ተነሥቶ እዚያው ቢቀር ኖሮ ቆረም ከሌሎቹ መጠለያዎች ባልተለየች ነበር። በ1977 ዓ.ም. የቴሌቪዥን ዜና ከፊልም ወደ ቪዲዮ ቴፕ ተሻግሮ ስለ ነበር የሚታጠብ ነገር አልነበረም፤ ቴፑን ግን በሰው እጅ ተሸክሞ ማውጣት ግድ ነበር። የመጀመሪያው የጉዞ ክፍል ከቆረም አዲስ አበባ ነው። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከናይሮቢ ለንደን ነው። በርክ ከቴፑ ጋር ወደ ለንደን ሲበር ሐተታውን አዘጋጀ፤ በቢቢሲ ቤትም ምስልና ቃል ተገጣጠሙ።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1984) ሰባት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ዘገባ በቢቢሲ ዜና ላይ ታየ። ለዕለት ዜና ሰባት ደቂቃ እጅግ ረዥም ጊዜ ነው። በዚያው ቀን ኤንቢሲ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ የለንደን ወኪል ምስሉን በሳተላይት ወደ ኒው ዮርክ ላከው፤ የማታውም ዜና ላይ ቀረበ። ከዚያ በኋላ ዘገባውን 425 የቴሌቪዥን ጣቢያዎች እንዳሳዩትና 470 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንዳየው ተገምቷል።

አንድ መሐንዲስ ይህን ሰንሰለት ቢመረምር የሚያስተውለው ነገር አለ። ከካሜራው መስተዋት እስከ ተመልካቹ ሳሎን ድረስ ያሉት ቀለበቶች ብዙ ናቸው፤ የይለፍ ወረቀት፣ የአውሮፕላን ነዳጅ፣ ባትሪ፣ ቴፕ፣ የጉምሩክ በር፣ የመቀነባበሪያ ክፍል፣ የምድር ጣቢያ፣ ሳተላይት። አንዱ ቀለበት ቢበጠስ ሌሎቹ ዋጋ የላቸውም። ሞሐመድ አሚን የተካነው እያንዳንዱን ቀለበት አስቀድሞ በማየት ነበር። እንደርሱ ያለ ዐይን የነበራቸው ብዙ ፎቶ አንሺዎች ነበሩ፤ ያዩትን ከደጋው አናት አውጥተው ዓለም ደጃፍ የሚያደርሱ ግን ጥቂቶች ናቸው።

ምስሉ ያመጣውና ያላመጣው

የተከተለው ነገር የታወቀ ነው። ቦብ ጌልዶፍ የተባለው የአየርላንድ ዘፋኝ ዘገባውን አይቶ የእንግሊዝ አገር ሙዚቀኞችን ሰበሰበ፤ ለገና የወጣው ዘፈን ገቢ ለረኀቡ ዋለ። በአሜሪካም ሃሪ ቤላፎንቴና ባልደረቦቹ ተመሳሳይ ሥራ ሠሩ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ በአንድ ቀን የተካሄደው ታላቅ የሙዚቃ ትርኢት በሳተላይት ለዓለም ተላለፈ። መንግሥታትም ተነቃነቁ፤ የምዕራቡም የምሥራቁም ጎራ የጭነት አውሮፕላኖች በአንድ የኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እህል አመላለሱ። ሞሐመድ ራሱም በ1977 ዓ.ም. ስለ አፍሪካ ድርቅ ሰፋ ያለ ዘጋቢ ፊልም አዘጋጅቶ ነገሩ ከአንድ ሳምንት ዜና በላይ እንዲቆይ ጣረ።

ነገር ግን ምስልና እህል እኩል አይጓዙም። ምስሉ ከለንደን ኒው ዮርክ የደረሰው በሳተላይት በቅጽበት ነው። እህሉ ግን በመርከብ አሰብ ይደርሳል፤ ወደቡ ይጨናነቃል፤ በከባድ መኪና የበረሃውን መንገድ ይዞ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይወጣል፤ ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ወደ ሰሜን ይከፋፈላል። አውራ ጎዳናው የማይነካቸው ወረዳዎች ደግሞ በበቅሎና በአህያ፣ በመጨረሻም በረኀብተኛው በራሱ እግር ላይ ይመካሉ። ሐኪም ዘንድ ለመድረስ የሚበቃ ጉልበት የሌለው ሰው እህል ያለበት ድረስ ሁለት ቀን ተጉዞ እንዲመጣ ይጠበቅበት ነበር። በመላው አገሪቱ ከ400 ሺሕ እስከ አንድ ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ያለቀው ከዝናም እጦት ጋር ጦርነትና የመንገድ እጦት ተደምረው ነው።

ስለ ዘገባው የተሰነዘረውም ነቀፌታ መታለፍ የለበትም። ሰባቱ ደቂቃዎች ረኀቡን የተፈጥሮ መቅሠፍት አስመስለው አቀረቡት፤ በሰሜን ይካሄድ የነበረውን ጦርነት፣ የመንግሥትን የእርሻ ፖሊሲ፣ የገበያውን መዘጋት በሚገባ አላብራሩም። በካሜራው ፊት የቆሙት ኢትዮጵያውያን ስም አልተጠራም፤ የተናገሩትም ጥቂት ነው። ሌት ተቀን ሬሳ ያነሡት የአገሩ ሰዎች፣ እህል የጫኑት ሾፌሮች፣ የኮሚሽኑ ሠራተኞች ከውጭ አገር ሰዎች ጀርባ ተሰወሩ። ከዚያም በኋላ መንግሥት ወደ 600 ሺሕ የሚጠጋ ሕዝብ፣ አብዛኛውን ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር፣ ብዙዎች በግዴታ ሲሄዱና በመንገድ ሲቀሩ፣ የዓለም ካሜራ በአመዛኙ ወደ ሌላ ዞሮ ነበር። ለትውልድ የቀረችውም የኢትዮጵያ መልክ ያች የቆረም ሜዳ ናት። በውጭ አገር የኖረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ አገሩን በጠራ ቁጥር ይህን መልክ ተሸክሞ መመለስ ነበረበት።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ነቀፌታው በሞሐመድ አሚን ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባውም። ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንደሚባለው የእርሱ ድርሻ ማሳየት ነበር። ፍርዱና ሐተታው የሌሎችም ዕዳ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የራሱ ካሜራ፣ የራሱ ማሠራጫ፣ የራሱ ሠራተኛ የነበረው የአገሪቱ ቴሌቪዥን ያንን ሜዳ ቀድሞ ማሳየት ሲገባው በባለሥልጣን ፈቃድ ታስሮ ዝም ማለቱ የሚከብድ ጥያቄ ነው።

የተቆረጠው ክንድ

ሞሐመድ አሚን ወደ ኢትዮጵያ መመላለሱን አልተወም። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ሠራዊት አዲስ አበባ ሲገባ እርሱም ካሜራውን ይዞ እዚያው ነበር። ከሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 27 ቀን ንጋት ላይ፣ በከተማዋ ደቡባዊ ክፍል ያለ የጥይት መጋዘን ፈነዳ። ብዙ የከተማው ነዋሪ ባለቀበት በዚህ አደጋ ፍንዳታውን ለመቅረጽ የቀረበው ሞሐመድ ግራ ክንዱን አጣ፤ የድምፅ ባለሞያው ጆን ማታይ ደግሞ እዚያው ሕይወቱ አለፈ።

ለካሜራ ሰው ክንድን ማጣት ሞያን ማጣት ነው። ካሜራው በትከሻ ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ እጅ ይደግፈዋል፣ ያጠጋዋል፣ ያርቀዋል፤ ሌላው እጅ የምስሉን ጥራት ያስተካክላል። ሞሐመድ ግን ወደ አሜሪካ ሄዶ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ክንድ አስገጠመ። የዚህ ዓይነቱ ክንድ የሚሠራው በቀረው የክንድ ጡንቻ ላይ የሚፈጠረውን ጥቂት የኤሌክትሪክ ምልክት በማንበብ ነው። ጡንቻው ሲኮማተር ምልክቱ ይጎላል፤ ትንሽ ሞተር ይነሣል፤ ጣቶቹ ይያያዛሉ ወይም ይለቃሉ። ሰውየው በአዲስ መልክ መማር አለበት፤ ሳያስብ ያደርገው የነበረውን ሁሉ አሁን እያሰበ ያደርገዋል። ሞሐመድ በወራት ውስጥ ተለማምዶ ካሜራውን እንደገና ትከሻው ላይ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1992 ከእንግሊዝ መንግሥት የክብር ኒሻን ተሰጠው።

የመጨረሻው በረራ

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ሞሐመድ አሚን ሥራውን በአዲስ አበባ ፈጽሞ ከባልደረባው ከጸሐፊው ብራያን ቴትሊ ጋር ወደ ናይሮቢ ለመመለስ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 አውሮፕላን ተሳፈረ። አውሮፕላኑ ከተነሣ ጥቂት ቆይቶ ሦስት ጠላፊዎች ወደ አውስትራሊያ እንዲበር አዘዙ። ነዳጁ ለዚያ ሩቅ ጉዞ እንደማይበቃ ካፒቴን ልዑል አባተ ደጋግመው ቢያስረዱም የሚሰማቸው አላገኙም። በመጨረሻ ሁለቱም ሞተሮች በነዳጅ እጦት ጠፉ፤ ካፒቴኑ በጠላፊዎች እየተደበደቡ አውሮፕላኑን በኮሞሮስ ደሴቶች ዳርቻ ባሕር ላይ አሳረፉት። ከተሳፈሩት 175 ሰዎች 50ዎቹ ተረፉ።

ሞሐመድና ብራያን ቴትሊ ከተረፉት መካከል አልነበሩም። ሞሐመድ በመጨረሻው ሰዓት ከመቀመጫው ተነሥቶ ከጠላፊዎቹ ጋር ሲከራከር እንደ ነበረ ከአደጋው የተረፉ ሰዎች ተናግረዋል። ዕድሜው 53 ዓመት ነበር። ለሠላሳ ሦስት ዓመታት የቀረጸው ፊልምና ያነሣው ፎቶግራፍ በናይሮቢ በካሜራፒክስ ግምጃ ቤት ተቀምጧል፤ ልጁ ሳሊምም የአባቱን ድርጅት ተረክቦ ስለ ሕይወቱ ዘጋቢ ፊልም አዘጋጅቷል።

ለባለሞያ የሚቀር ትምህርት

የሞሐመድ አሚን ታሪክ የጀግና ታሪክ ብቻ ተደርጎ ቢነገር ዋናው ቁም ነገር ይጠፋል። ረኀቡ ያልታወቀ አልነበረም። ወረዳው አውራጃውን፣ አውራጃው ክፍለ ሀገሩን፣ ኮሚሽኑ ለጋሾችን ነግሯል። እውቀቱ ነበር፤ የጎደለው እውቀቱ ሥልጣን ካለው ሰው ዐይን የሚደርስበት መንገድ ነው። አንድ ሰው ከውጭ መጥቶ ያን መንገድ በአንድ ሳምንት ሠራው። ሥራው ያስመሰግነዋል፤ ሥራው ለእርሱ የተተወ መሆኑ ግን የአገሩን ሰው ሊያሳፍር ይገባዋል።

ዛሬ በየገጠሩ ስልክ የያዘ ወጣት ሁሉ የካሜራ ባለቤት ነው። ከቢስቲማ ገበያም ሆነ ከወረባቦ ቆላ የተነሣ ምስል ለንደን ለመድረስ የይለፍ ወረቀትም ሆነ ትንሽ አውሮፕላን አያሻውም። ነገር ግን ቀለበቶቹ አሁንም ይበጠሳሉ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባጥለቀለቀባቸው ሳምንታት ስልክና መብራት ጠፍቶ፣ የደሴ ልጅ በአዲስ አበባ ተቀምጦ የእናቱን መኖርና አለመኖር ማወቅ ተስኖት ነበር። በኪሱ ያለው ካሜራ ያን ጊዜ ከቢስቲማ እስከ ሐይቅ እንኳ አላደረሰውም።

ስለዚህ ማማ የሚተክል፣ መስመር የሚዘረጋ፣ ከአውራ ጎዳናው ወደ ወረዳው የሚገባውን የጠጠር መንገድ የሚቀይስ ባለሞያ ሥራው ከሞሐመድ አሚን ሥራ የራቀ እንዳይመስለው። በክፉ ቀን አንድ ወረዳ የምትታየው ወይም ተሰውራ የምትቀረው፣ እህል የሚደርሳት ወይም ሕዝቧ እህል ፍለጋ በእግሩ የሚወጣው፣ በደኅናው ቀን በተሠራው ወይም ሳይሠራ በቀረው መንገድና መስመር ነው። ቆረም የታየችው መንገድ ላይ ስለ ነበረች ነው። የቢስቲማ ጩኸት ለመሰማት ሁለተኛ ሞሐመድ አሚንን መጠበቅ የለበትም።